ሙድል፣ ካንቫስ፣ ኮሊብሪ ወይስ ሌላ? ለሐዋሳ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች የኦፕን ሶርስ ኤልኤምኤስ ንጽጽር

ሐዋሳ ውስጥ አብዛኛው ትምህርት ቤት ኤልኤምኤስ (የትምህርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) አለው፤ ስሙ ቴሌግራም ነው። መምህሩ ሃንድአውቱን ግሩፕ ላይ ይለቃል። ተማሪው ያወርዳል። አሳይመንቱን ፎቶ አንስቶ በውስጥ መስመር ይልካል። ተማሪው ጥቂት ሲሆን ይሄ ምንም አይልም። አራት ሴክሽን የያዘ መምህር ግን ማን እንዳስገባና ማን እንዳላስገባ ለማወቅ ስልኩን ወደላይ ወደታች ሲገፋ ያመሻል። «ቲቸር፣ ልኬ ነበር እኮ» የሚለው ክርክርም አያልቅም። ውጤቱ ኤክሴል ላይ ነው፤ ኤክሴሉ ደግሞ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ።

ኤልኤምኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበስባል። ኮርሱ፣ ፋይሉ፣ አሳይመንቱ፣ ፈተናውና ውጤቱ በየተማሪው ስም ይቀመጣል። እዚህ የማወዳድረው ኦፕን ሶርስ የሆኑትን ነው፤ ኮዳቸውን ማንም አውርዶ በራሱ ሰርቨር (ሲስተሙን ለሌሎች በሚያቀርብ ኮምፒውተር) ላይ ሊጭናቸው የሚችለውን። በዓይነ ሕሊናዬ ያሉት የግል ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ማሠልጠኛ ተቋም ናቸው። እንደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ያለ ትልቅ ተቋም የራሱ የአይሲቲ ባለሙያዎች ስላሉት ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጊዜውም እየገፋ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ጀምሮ በከፊል ወደ ኦንላይን ገብቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማውስ ይዞ፣ ስክሪን ላይ የሚቆጥር ሰዓት እያየ የሚፈተነው በዚያው በብሔራዊ ፈተናው ቀን የሆነ ተማሪ ትምህርቱን ቢያውቅም ይደናገጣል።

ነፃ የሆነውና ያልሆነው

ፈቃዱ ነፃ ነው። ሰርቨሩ፣ ዶሜይኑ፣ ኢንተርኔቱና የሚንከባከበው ሰው ነፃ አይደሉም። ሆስቲንግ፣ ማለትም የሰርቨር ኪራይ፣ ከውጭ ከተገዛ የሚከፈለው በዶላር ነው። የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ያው ሆስቲንግ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ «ኦፕን ሶርስ ነው፣ ወጪ የለውም» ብሎ ለቦርድ የሚያቀርብ ሰው ካለ በጀቱን ድጋሚ ይሥራ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሰው ነው። ሲስተሙን የጫነው ልጅ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ፓስወርዱም አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አፕዴት የሚያደርግ የለም፣ ባክአፕ የሚወስድ የለም፣ አንድ ቀን ገጹ አልከፍት ሲል የሚጠራ ሰውም የለም። ኤልኤምኤስ ጭኖ ተንከባካቢ አለመመደብ ቪላ ሠርቶ ቁልፉን ለግንበኛው ሰጥቶ እንደ መቅረት ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ የጫነው ሰው ከሄደ በኋላ ይህን ነገር ሊይዘው የሚችል ሰው ሐዋሳ ውስጥ በቀላሉ እናገኛለን? ለእኔ ምርጫውን የሚወስነው ይሄ ነው። ሲስተሙ የሚሠራቸው ነገሮች ዝርዝር ሁለተኛ ነው።

ሙድል

ሙድል አውስትራሊያ ውስጥ በማርቲን ዱጊያማስ ተጀምሮ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። የተጻፈው ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ዳታውን የሚያስቀምጠው ማሪያዲቢ፣ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ በሚባሉ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ይህ ደረቅ የቴክኒክ ወሬ ይመስላል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ምክንያቱም ድረ ገጽ የሚሠራ ማንኛውም ልጅ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ነክቷል። የጫነው ሰው ቢሄድ ሌላ ሰው ይገኛል። ችግር ሲያጋጥም ጎግል ላይ ብትፈልጉ ከእናንተ በፊት ያው ነገር የገጠመው ሰው አታጡም።

ጥንካሬው ፈተናው ላይ ነው። የጥያቄ ባንክ ታዘጋጃላችሁ፤ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከባንኩ በዘፈቀደ ያወጣለታል፣ የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል ያቀያይራል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ ምርጫ የሆነውን ወዲያው ያርማል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ላያዩ ይችላሉ። ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር ከሚባለው፣ ተማሪው በፈተና ሰዓት ሌላ ገጽ እንዳይከፍት ከሚያግደው ፕሮግራም ጋርም ከ3.9 እትም ጀምሮ ራሱ ይገናኛል። ለመውጫ ፈተና ተማሪ ለሚያዘጋጅ ኮሌጅ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

መምህራን «ጥያቄውን አንድ በአንድ ማስገባት አሰልቺ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ አሰልቺ ነው። ግን መንገድ አለው። ሙድል አይከን (Aiken) የሚባል ቀላል አጻጻፍ ይቀበላል። በኖትፓድ ጥያቄውን ትጽፋላችሁ፣ ከሥር ምርጫዎቹን በየመስመሩ፣ ከሥር የመልሱን መስመር፤ ከዚያ ፋይሉን በአንድ ጊዜ ታስገባላችሁ። ጥያቄው በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ሊሆን ይችላል። የምርጫ ፊደሎቹ (A፣ B፣ C) እና የመልሱ መስመር መነሻ ቃል (ANSWER:) ግን በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት መሆን አለባቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ከጻፋችሁ አይቀበልም። ፋይሉን ስታስቀምጡ ከፊደል አቀማመጥ (Encoding) ምርጫው ዩቲኤፍ ኤይት (UTF-8) የሚለውን ምረጡ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

የሞባይል አፑ ለዳታ ቆጣቢ ተማሪ ጥሩ ነው። ተማሪው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ኮርሱን አውርዶ ቤቱ ሄዶ ያለ ኢንተርኔት ያነባል። መምህሩ ከፈቀደ አንዳንድ ኩዊዞችን ከመስመር ውጭ ሠርቶ ሲገናኝ ይልካል። ነፃው የአፑ ዕቅድ የማሳወቂያ መልእክት በሚደርሳቸው ስልኮች ብዛት ላይ ገደብ አለው። ማሳወቂያውን ለቴሌግራም ተዉት፤ እዚያ ማንም አያመልጥም።

ድክመቱስ? ምርጫ ይበዛዋል። አንድ አሳይመንት ለመክፈት የሚሞላው ገጽ ረጅም ነው፤ አዲስ መምህር አይቶት ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 4.0 ወዲህ መልኩ ቢሻሻልም ማስፈራቱ አልቀረም። መድኃኒቱ ሥልጠና ሳይሆን ቅነሳ ነው፦ አስተዳዳሪው የማይጠቅሙትን ነገሮች ያጥፋ፣ መምህሩ ፋይል፣ አሳይመንትና ኩዊዝ ብቻ ይይ። የውይይት መድረኩን፣ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚተራረሙበትን ዎርክሾፕ፣ አብረው የሚጽፉበትን ዊኪ በኋላ ማን ይከለክላል?

የአማርኛ የቋንቋ ጥቅል አለው፤ ትርጉሙ ግን የተሟላ ስላልሆነ ገጹ ቅይጥ ይሆናል። አስተዳዳሪው ቃላቱን ከውስጥ ማስተካከል ስለሚችል ተማሪው በየቀኑ የሚያያቸውን ሐረጎች ብቻ መተርጎም ይበቃል። ይዘቱን በሁለት ቋንቋ ጽፎ ለተማሪው በመረጠው ቋንቋ የሚያሳይ ማጣሪያም አለ። አማርኛና ሲዳምኛ ጎን ለጎን ለሚጠቀም ተቋም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ሰርቨር አቅም አንድ ቁጥር ያዙ። ሙድል ራሱ የሚሰጠው ግምት በአንድ ጊዜ ለሚጠቀሙ ከ10 እስከ 20 ሰዎች 1 ጊጋባይት ራም (የሰርቨሩ የሥራ ሜሞሪ) ነው። 40 ተማሪ በአንድ የኮምፒውተር ላብ ቢፈተን 4 ጊጋ ይዛችሁ መነሳት ትችላላችሁ። 400 ተማሪ በአንድ ሰዓት «ጀምር» የሚለውን ከተጫነ ግን በርካሽ ሆስቲንግ ላይ ያለው ሲስተም ይወድቃል። ሰርቨር ከመግዛት በፊት ፈተናውን በሴክሽን መከፋፈል ይቀላል። እትም ስትመርጡ ደግሞ ረጅም ድጋፍ ያለውን ውሰዱ፤ ለምሳሌ 4.5 የደህንነት ማስተካከያ የሚያገኘው እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2027 ነው። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ማሳደድ ለትንሽ ተቋም ጣጣ ነው።

ካንቫስ

ካንቫስን ያየ መምህር ይወደዋል። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የተማሪውን ሥራ ከፍቶ ጎኑ ላይ ማርክና አስተያየት የሚጻፍበት ገጹ ሙድልን ያስንቃል። ኢንስትራክቸር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው የሠራው፤ ኮዱን ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ታዲያ ለምን አልመክረውም? የተጻፈው ሩቢ ኦን ሬይልስ በሚባል፣ እዚህ ብዙ ሰው በማያውቀው የፕሮግራም መሥሪያ ነው። ከፖስትግሬስ ሌላ ሬዲስ የሚባል የዳታ ማከማቻና ተጨማሪ አገልግሎቶች ይፈልጋል። ሰርቨሩ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይኑረው። ይህን ጭኖ፣ አፕዴት አድርጎ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው እዚህ ፈልጋችሁ እስክታገኙ ሴሚስተሩ ያልቃል። በተጨማሪ ኩባንያው የሚሸጠው ካንቫስና በነፃ የሚወርደው ካንቫስ አንድ አይደሉም፤ አዲሱ የኩዊዝ ሲስተም በነፃው ውስጥ የለም። ቆንጆው የስልክ አፕም ራሳችሁ ከጫናችሁት ሲስተም ጋር እንዲህ በቀላሉ አይገናኝም። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ካንቫስ የሚከፈልበት ነው።

አንድ መምህር ለብቻው ሊሞክረው ከፈለገ ኩባንያው ለመምህራን የሚሰጠው ነፃ አካውንት አለ። ለአንድ ኮርስ በቂ ነው። ተቋም ግን በሱ አይመራም።

ኦፕን ኢዲኤክስ

ይሄኛው ኤምአይቲና ሃርቫርድ ከሚባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ ነው። ሁለቱ ኢዲኤክስ የተባለውን የኦንላይን ኮርስ ድርጅት የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን ኮዱ በዓመቱ ተከፈተ። ኢዲኤክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ቱዩ ለተባለ ኩባንያ በ800 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ኮዱ ግን ክፍት እንደሆነ ቀጥሏል።

የታሰበው በሺህ ለሚቆጠር፣ መምህሩን ፊት ለፊት ለማያይ ተማሪ ነው። አጭር ቪዲዮ፣ ከሥሩ ጥያቄ፣ እንደገና ቪዲዮ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት። መምህሩ ኮርሱን የሚያዘጋጅበት ስቱዲዮ የሚባለው ክፍል ደስ ይላል፤ ኮርስን ከምዕራፍ እስከ ገጽ በሥርዓት እንድታስቡ ያስገድዳል። ለሴክሽንና ለክፍል አሠራር ግን አልተሰፋም።

መጫኑ ድሮ ራስ ምታት ነበር። አሁን ቱተር የሚባል፣ ዶከር በተባለው ፕሮግራሞችን አሽጎ በሚያስኬድ መሣሪያ የሚሠራ መጫኛ አለው። ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ ተረጋግቶ እንዲሠራ 8 ይሁንለት። የራሳችሁ የስልክ አፕ እንዲኖራችሁ ከፈለጋችሁ ኮዱን ወስዳችሁ ራሳችሁ ሠርታችሁ ፕሌይ ስቶር ላይ ማውጣት አለባችሁ። ኮርስ እየቀረጸ ለመላው አገር መሸጥ የሚፈልግና ሲስተሙ የተጻፈበትን የፓይተን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያለው ማሠልጠኛ ተቋም ቢያስበው አይከፋም። ሌላው ይለፈው። ሁሉም ቪዲዮ ስለሚሆን የተማሪያችሁን የዳታ ፓኬጅም አስቡ።

ኮሊብሪ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮሊብሪ ከላይ ካሉት ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጡ ራሱ ትንሽ ያወዛግባል። የሠራው ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሥራቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2012 ካን አካዳሚ የተባለውን ነፃ የኦንላይን ትምህርት ድርጅት ቪዲዮዎች ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ በማድረስ ነበር። ኮሊብሪ የዚያ ተከታይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ላፕቶፕ ወይም ራዝበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ትወስዳላችሁ። ኮሊብሪን ትጭናላችሁ። ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከተማ ውስጥ፣ የምትፈልጉትን የትምህርት ቻናል (የቪዲዮና የልምምድ ስብስብ) ታወርዳላችሁ። ከዚያ ማሽኑን ይዛችሁ ቦርቻ ወይም ወንዶ ገነት ትሄዳላችሁ። እዚያ ከራውተር ጋር ታገናኙታላችሁ። ተማሪው በዋይፋይ ገብቶ በብራውዘር ይማራል፤ አንድም ሜጋባይት አይቆጥርበትም። ሌላ ትምህርት ቤት ያው ይዘት ቢፈልግ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ይገለብጣል።

መምህሩ ክፍል ይከፍታል፣ ትምህርት ይመድባል፣ ኩዊዝ ይሰጣል፣ ማን የት እንደደረሰ ያያል። ተማሪው ኢሜይል አያስፈልገውም፤ የተጠቃሚ ስም ይበቃል። ከተፈለገ ፓስወርድ ሳይኖርም እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል። በየሳምንቱ «ፓስወርዴን ረሳሁ» የሚል ሰልፍ የሚያስተናግድ የላብ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል።

የማይሠራውም ግልጽ ነው። ተማሪ ጽፎ የሚያስገባው አሳይመንት የለም። ድርሰት አይታረምበትም። የውይይት መድረክ የለም። ሪፖርት ካርድ አይሠራም። ኮሊብሪ ላይብረሪና የልምምድ ቦታ ነው፤ የተቋም ማስተዳደሪያ አይደለም። የካን አካዳሚ ይዘት ከእኛ ሥርዓተ ትምህርት ጋር በምዕራፍ አይገጥምም፤ አንድ መምህር ቁጭ ብሎ «የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ምዕራፍ 3 ከዚህ ቪዲዮ ጋር ይሄዳል» እያለ ማጣመር አለበት። ይህ ሥራ አድካሚ ነው፣ ግን አንዴ ከተሠራ ለሌላው ትምህርት ቤት ይተርፋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የቋንቋው ነገር ለሁለተኛ ደረጃ ብዙም አያግድም። ለታች ክፍሎች የራሳችሁን ቪዲዮና ፒዲኤፍ በኮሊብሪ ስቱዲዮ በኩል ቻናል አድርጋችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።

የቀሩት

ቻሚሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ዶኬኦስ ከሚባል ሲስተም ተገንጥሎ የወጣ ነው። እሱም በፒኤችፒ ነው። ከሙድል ይቀላል፣ መምህር ቶሎ ይለምደዋል። ለኮምፒውተርና ለቋንቋ ማሠልጠኛ ጥሩ ነው እላለሁ። ማኅበረሰቡ ግን ትንሽ ነው፤ ለችግራችሁ መልስ ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ በስፓኒሽ ወይም በፈረንሳይኛ ታገኙታላችሁ።

ሳካይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሠሩት፣ በጃቫ የተጻፈ ነው። ኢሊያስ ከጀርመን፣ ከኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው። ለአንድ የሐዋሳ ኮሌጅ ግን ከሙድል የሚበልጡበትን ምክንያት አላየሁም።

ጎግል ክላስሩም ኦፕን ሶርስ አይደለም፤ ግን ሁሌም ስለሚነሳ ዝም ማለት አይቻልም። ሰርቨር አይፈልግም፣ መምህር በግማሽ ቀን ይለምደዋል። የሚንከባከበው ሰው ጨርሶ ለሌለው ትምህርት ቤት፣ ያለምንም ሐፍረት እሱን ተጠቀሙ። ተማሪው ሁሉ የጎግል አካውንት እንደሚያስፈልገውና ዳታው በእጃችሁ እንደማይሆን ብቻ እወቁ።

ማንም የማይነግራችሁ፣ እኛን ብቻ የሚገጥመን ጣጣ

ስም። እነዚህ ሲስተሞች «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላሉ። ካንቫስ ዝርዝሩን ሲሠራ የመጨረሻውን ስም ያስቀድማል፤ ስለዚህ ክፍሉ በአያት ስም ይደረደራል። መምህሩ በእጁ ካለው የሬጅስትራር ዝርዝር ጋር ሊያመሳክር ሲሞክር ይጠፋበታል። ሙድል ላይ የተማሪውንና የአባቱን ስም የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ፣ የአያቱን ሁለተኛው ውስጥ አድርጉ፤ ዝርዝሩንም በመጀመሪያ ስም ደርድሩ። የመታወቂያ ቁጥር የሚገባበት የራሱ ሳጥን አለው፤ ባዶ አትተዉት። ሦስት ሐና ተስፋዬ ያሉበት ክፍል ሲመጣ ታመሰግኑኛላችሁ።

ሰዓት። ይሄኛው ፈተና ያበላሻል። ሲስተሙ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። «ፈተናው 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ብሎ 3ን የመረጠ መምህር ፈተናውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዘግቶታል። ተማሪዎቹ ጠዋት ሲገቡ በሩ ተቆልፎ ያገኙታል። መጀመሪያ የሰርቨሩን የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ላይ አድርጉ። ከዚያ በየፈተናው ርዕስ ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በቃላት ጻፉት፤ «ጠዋት 3 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ተኩል ያበቃል» ብላችሁ። ቀኑንም እንዲሁ። ሙድል ሌላ የቀን አቆጣጠር በፕለጊን (በተጨማሪ ፕሮግራም) የሚጨመርበት መንገድ አለው፤ እንደተጫነ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው።

ፊደል። አጭር መልስ የሚጠይቅ ጥያቄ በአማርኛ ከሆነ ለኮምፒውተሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተማሪው በትክክል መልሶ ዜሮ ያገኛል። ሙድልና ኦፕን ኢዲኤክስ ለአንድ ጥያቄ ብዙ ትክክለኛ መልስ ማስገባት ስለሚፈቅዱ አጻጻፎቹን ሁሉ ዘርዝሩ። ወይም ለአማርኛ ኮርስ ምርጫና ማዛመድ ብቻ ተጠቀሙ፤ የጽሑፍ መልሱን መምህሩ በዓይኑ ይረም።

ኢሜይል። ሙድል ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ኢሜይል ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ ስልክ እንጂ የሚከፍተው ኢሜይል የለውም። ተማሪዎቹን ራሳቸው እንዲመዘገቡ አትተዉ። ከሬጅስትራር በሚወጣ አንድ ፋይል ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገቡ፤ የተጠቃሚ ስሙ የመታወቂያ ቁጥራቸው ይሁን። ፓስወርድ የሚቀይርላቸው ሰው በአካል ላቡ ውስጥ ይኑር።

የት ይቀመጥ?

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የውጭ ሆስቲንግ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ዶላር። ሁለተኛው እዚሁ አገር ያለ ክላውድ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ያቀርባል፣ ክፍያውም በብር ነው። ሦስተኛው ግቢው ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው።

ፈተናው በላብ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ፈተናው አይቋረጥም፤ ሁሉም በግቢው ኔትወርክ ነው። ጠላቱ መብራት ነው። ሰርቨሩና ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። አንድ ጉልበት ያለው ላፕቶፕ እንደ ሰርቨር መጠቀም አያሳፍርም፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ግን ራውተሩን አትርሱ፤ ላፕቶፑ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የለውም። የላቡ ኮምፒውተሮችም ዴስክቶፕ ከሆኑ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ሁሉም ይጨልማል። ሙድል ተማሪው እስከዚያ ያስቀመጠውን መልስ ስለሚይዝ ግን ያቆመበት ቦታ ይመለሳል፤ የተቃጠለውን ደቂቃ መምህሩ ለየተማሪው ይጨምርለታል። ሙድልቦክስ የሚባል፣ ሙድልን በራዝበሪ ፓይ ላይ ከዋይፋይ ጋር አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ነፃ ሥራም አለ። ለአንድ ክፍል ይበቃል።

የተማሪ ውጤትና ስልክ ቁጥር የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃን ከአገር ማስወጣትንም ይመለከታል። የውጭ ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት የሕግ ሰው ያንብብላችሁ።

እኔ ብሆን

ቢያንስ አንድ ፒኤችፒ የሚያውቅ ሠራተኛ ያለው ኮሌጅ ሙድል ይጫን፤ ሁለተኛ ሰውም ከጎኑ ይማር። ኢንተርኔት የሌለው ወይም የሚቆራረጥበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮሊብሪ ይጀምር፤ ለውጤትና ለአሳይመንት የለመደውን ወረቀት ይቀጥል። ከተማ መሃል ያለ፣ ላብ ያለው ትምህርት ቤት ሁለቱን በአንድ ማሽን ሊያስኬድ ይችላል፦ ልምምዱ በኮሊብሪ፣ ፈተናው በሙድል። ትንሽ ማሠልጠኛ ተቋም ቻሚሎንና ሙድልን ለመምህራኑ ያሳይና እነሱ ይምረጡ። ኮርስ ሻጩ ስለ ኦፕን ኢዲኤክስ ከማሰቡ በፊት በሙድል ይሞክር። ክፍያውን በቴሌብር ተቀብሎ ተማሪውን በእጅ ማስገባት ለመጀመሪያው ዓመት ከበቂ በላይ ነው፤ ሙድል ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ፔይፓል የተባለው የውጭ የክፍያ መንገድ ለእኛ አይረባም።

ካንቫስን የሚመርጥ ካለ ገንዘብ ከፍሎ ከኩባንያው ይውሰድ። በራሱ ሰርቨር ለመጫን ግን ባይደክም።

የትኛውንም ብትመርጡ በአንድ መምህርና በአንድ ኮርስ ጀምሩ። ሙሉ ግቢውን በአንድ ቀን ማስገባት ለፎቶ ያምራል እንጂ አይቆይም። ፈቃደኛ የሆነውን መምህር ምረጡ፤ በዕድሜ ትንሹን ሳይሆን ተማሪዎቹ የሚያከብሩትን። አንድ ሚድ ፈተና በሲስተሙ ይስጥ። ያኔ የላቡ ኮምፒውተር ስንቱ እንደሚነሳ፣ ስንት ተማሪ ፓስወርድ እንደሚጠፋበት፣ ኔትወርኩ የት ላይ እንደሚንቀራፈፍ በአንድ ጠዋት ይታወቃል።

ጥያቄዎቻችሁን በተራ የጽሑፍ ፋይልም አስቀምጡ። ነገ ከሙድል ወደ ሌላ ብትሄዱ እነሱ ናቸው ይዛችሁት የምትሄዱት ሀብት። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ዲኑ ወይም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ። ባክአፕ በየሳምንቱ ከሰርቨሩ ውጭ በሆነ ሃርድ ዲስክ ላይ ይወሰድ፤ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ደግሞ ያንን ባክአፕ ሌላ ላፕቶፕ ላይ መልሳችሁ ጫኑትና አንድ ተማሪ ፈልጋችሁ ውጤቱን ክፈቱ። ካልከፈተ ባክአፕ የላችሁም፤ ፋይናል ሳይደርስ ማወቁ ይሻላል።